ደም ሲረጋና ደም ሲፈስ
(በሬዲዮ ስለ ጤና ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)



ደም በሕዝባችን አሳብ ከሕይወት ተለይቶ አያውቅም። የሥጋ ዘመድን ስንጠራ «ደሜ ነው» እንላለን፤ የደነገጠውን ሰው «ደሙ ደርቋል»፣ የተቈጣውን ደግሞ «ደሙ ፈልቷል» እንላለን። ይህ ሁሉ አነጋገር ደም ጠባዩ ከተለወጠ ሰውየውም ጤንነት እንደሌለው ያመለክታል። በእርግጥም ደም ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች ያሉበት ነገር ነው። አንደኛው ግዴታ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ መፍሰስ ነው። ሁለተኛው ግዴታ ገላችን በተቈረጠ ጊዜ ፈጥኖ መርጋት ነው። መርጋት የሚገባው በቍስሉ ላይ እንጂ በሌላ ስፍራ አይደለም፤ መፍሰስ የሚገባውም በሥሩ ውስጥ እንጂ ከሥሩ ውጭ አይደለም። ጤና ማለት ከብዙ በጥቂቱ ይህ ሚዛን ተጠብቆ መኖሩ ነው።

ዛሬ የማቀርበው ንግግር ጽኑ የሆነ የቫይረስ በሽታ ይህን ሚዛን እንዴት እንደሚያናጋውና ሐኪሞች ሚዛኑን ለመመለስ ምን እንደሚያደርጉ የሚገልጽ ነው። እኔ ራሴ ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ ሊቃውንት መርምረው ያረጋገጡትን ነገር ለሁላችን በሚገባ ቋንቋ ማቅረብ ነው። ዘመኑን የምጠቅሰውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን በቅድሚያ አስታውቃለሁ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ይህ ለሐኪም የሚተው ጉዳይ ነው፤ እኛ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠን ለምንውል ሰዎች ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ትኵሳት ሲይዘው ከመድኃኒት ቤት አስፕሪን ገዝቶ የሚውጠው፣ ለታመመ ባልንጀራው «ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ውሰድ» ብሎ የሚመክረው፣ ከበሽታ በተነሣ ማግሥት ወደ ወንበሩ ተመልሶ ከጥዋት እስከ ማታ ሳይንቀሳቀስ የሚውለው ሐኪሙ ሳይሆን እኛው ነን። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ ይገባናል።

ደም የሚረጋው እንዴት ነው?

ጣታችንን ቢላዋ ቢቈርጠው የሚሆነውን እንመልከት። በመጀመሪያ የተቈረጠው የደም ሥር ራሱን ያጠባል። ቀጥሎ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ፣ ፕላትሌት የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ወደ ቍስሉ ደርሰው እርስ በርሳቸው በመጣበቅ ቀዳዳውን ይደፍናሉ። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር፣ ማለት የመርፌ ራስ በምታህል ጠብታ ውስጥ፣ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚደርሱ ፕላትሌቶች ይገኛሉ። የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲሆን ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ፕላትሌት ብቻውን የሠራው ድፍን ጽናት የለውም። ድንጋይ ያለ ጭቃ ቢካብ ጐርፍ እንደሚንደው፣ ይህንንም የደም ግፊት ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚኖር ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ወደ ቀጫጭን ክር ይለወጥና ድፍኑን ዙሪያውን ይጠመጥመዋል፤ ይህ ክር ፋይብሪን ይባላል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት በገላችን ውስጥ በየቀኑ ሲፈጸም ይታያል። ፋይብሪኖጅን ክር እስኪሆን ድረስ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ የሚሠራ የብዙ ፕሮቲኖች ሰንሰለት አለ። ከእነዚህም የሚበዙትን የሚያዘጋጀው ጉበት ነው፤ አንዳንዶቹን ለመሥራትም ጉበት ቪታሚን ኬን ይሻል።

እንዲህ ያለ ፈጣን ኃይል ልጓም ባይኖረው ኖሮ በጣታችን ላይ የዠመረው መርጋት እስከ ልባችን በደረሰ ነበር። ስለዚህ ተፈጥሮ ልጓሙን አብራ ሰጥታናለች። አንቲትሮምቢንና ፕሮቲን ሲ የሚባሉት ፕሮቲኖች መርጋቱ ከቍስሉ አልፎ እንዳይሄድ ያግዳሉ። ቍስሉ ሲሽር ደግሞ ፕላዝሚን የተባለው ሌላ ኃይል የፋይብሪኑን ክር ቈራርጦ ያሟሟዋል። ከዚህ የሚገኘው ስብርባሪ ዲ-ዳይመር ይባላል። ሐኪም ይህን በላቦራቶሪ ሲያስለካና ከልኩ በላይ ሆኖ ሲያገኘው፣ በሕመምተኛው ገላ ውስጥ በአንድ ስፍራ ደም እየረጋና እየሟሟ መሆኑን ይጠረጥራል።

ዝነኛው ጀርመናዊ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ በ1856 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ደም መርጋት ሰፊ ትምህርት ሰጥቷል። ከእርሱ ትምህርት ተነሥተው ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚጠቅሷቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። እነርሱም የደም ሥሩ ግድግዳ መጐዳት፣ የደሙ አካሄድ መዘግየትና የደሙ የራሱ ጠባይ መለወጥ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢደርስ ያሠጋል። ጽኑ የቫይረስ በሽታ ግን ሦስቱን በአንድ ጊዜ ሊያመጣ ይችላል።

ኮቪድ ያስተማረው

ለዚህ ጉልህ ምስክር የሚሆነን በ2019 መጨረሻ በቻይና አገር በውሃን ከተማ የታየው የኮቪድ በሽታ ነው። በማርች 13 ቀን 2020 በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ ተገለጠ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባው የሚሌኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማረፊያ እስከ መሆን እንደ ደረሰ ሁላችንም እናስታውሳለን። በሽታው በመጀመሪያ የሳንባ በሽታ ብቻ ይመስል ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቈይ ግን ሐኪሞች ያላሰቡትን ነገር ማየት ዠመሩ። ትንፋሹ የተሻለው በሽተኛ በድንገት ይሞታል፤ የአንዱ እግር ያብጣል፤ የሌላው የአንጎል ደም ሥር ይዘጋል።

በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ በ2020 የ12 ሟቾች ሬሳ ሲመረመር በ7ቱ የእግር ደም ሥሮች ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ፤ ከሞታቸው በፊት ግን ይህ ነገር አልታወቀም ነበር። 4ቱን በቀጥታ የገደላቸው ከእግር ተነሥቶ የሳንባቸውን ደም ሥር የወተፈው የረጋ ደም ነበር። በሆላንድ አገርም በዚያው ዓመት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ 184 የኮቪድ በሽተኞች ሲታዩ፣ ከመቶ 31 ያህሉ እንዲህ ያለ የደም መርጋት ደርሶባቸው ተገኙ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ቫይረሱ ወደ ገላ ሲገባ ተከላካዩ ሠራዊታችን ይነሣሣል። ነጭ የደም ሕዋሳት ጠላትን ለመያዝ ከውስጣቸው መረብ የመሰለ ነገር ይወረውራሉ፤ በዚህ መረብ ላይ ፕላትሌቶች ይጠመዳሉ። የደም ሥሮች የውስጥ ገጽ፣ በጤና ጊዜ እንደ ተወለወለ መስታወት ለስላሳ የነበረው፣ ይቈጣል፤ ደምንም እንዲረጋ ይቀሰቅሰዋል። ጉበት ፋይብሪኖጅንን ከወትሮው አብዝቶ ይልካል። ሕመምተኛው ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ቀንና ሌሊት ይተኛል፤ የእግሩ ደምም እንደ ኩሬ ውሃ ይዘገያል። የፊርኮ ሦስት ምክንያቶች በአንድ አልጋ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

እንግዲህ ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ አንድ የቈየ መድኃኒት መለሱ፤ እርሱም ሄፓሪን ነው። በ1916 በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ በፕሮፌሰር ዊልያም ሃውል ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። የተሰጠው ሥራ ደምን የሚያረጋ ቅመም መመርመር ነበር። እርሱ ግን ሲመራመር በተቃራኒው ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ነገር አገኘ። ከጉበት የተገኘ ስለ ነበር ሃውል፣ ጉበት ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ፣ ሄፓሪን አለው። ለሕሙማን መሰጠት የዠመረው ግን ወደ 20 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው፤ መርዛማ የነበረውን ርኵሰት ከመድኃኒቱ መለየት ብዙ ድካም ጠይቋልና።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ሄፓሪንንና መሰሎቹን ሕዝቡ «ደም የሚያቀጥን» ይላቸዋል። ደም ግን ወጥ አይደለምና በእነርሱ አይቀጥንም። ሄፓሪን የሚሠራው አስቀድመን የጠቀስነውን ልጓም፣ ማለት አንቲትሮምቢንን፣ በማበርታት ነው። የረጋውንም ደም ራሱ አያሟሟውም፤ እንዳያድግና እንዳይስፋፋ ያግደዋል እንጂ። የማሟሟቱን ሥራ በጊዜው የሚፈጽመው የገላው የራሱ ኃይል ነው።

መጠኑስ ምን ያህል ይሁን?

ከዚህ በኋላ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ሆስፒታል ለተኙ ብዙ ሕሙማን መርጋትን ለመከላከል ጥቂት ሄፓሪን መስጠት የቈየ ልማድ ነው። ኮቪድ ደምን ይህን ያህል የሚያረጋ ከሆነ፣ ብዙ መጠን ብንሰጥ ብዙ ሰው አናድንምን? አሳቡ ትክክል ይመስላል። ብዙ ሐኪሞችም ከርኅራኄ የተነሣ እንዲሁ ማድረግ ዠምረው ነበር። ይሁን እንጂ የሰው ሕይወት በ«ይመስላል» አይመራምና በብዙ አገሮች የሚገኙ ሐኪሞች ተባብረው በፈተና ለማረጋገጥ ተነሡ። የሕሙማን ፈቃድ እየተጠየቀ፣ እኩሌቶቹ የተለመደውን ጥቂት መጠን፣ እኩሌቶቹ ብዙውን መጠን እንዲወስዱ በዕጣ ተደለደሉ።

ውጤቱ በ2021 ታትሞ ወጣ። ሆስፒታል ከተኙት መካከል ሕመማቸው ገና ባልጸናባቸው ከ2,200 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ብዙው መጠን ጥቅም አሳየ። የተለመደውን መጠን ከወሰዱት 100 ሰዎች የመተንፈሻ መሣሪያና ይህን የመሰለ ብርቱ እርዳታ ሳይሹ በሕይወት ከሆስፒታል የወጡት 76 ያህል ሲሆኑ፣ ብዙውን ከወሰዱት ግን 80 ያህል ሆኑ። ሕመማቸው ጸንቶ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በነበሩት 1,100 ያህል ሰዎች ላይ ግን ያው መድኃኒት ያው መጠን አልጠቀመም። ጥቂቱን ከወሰዱት 100 ሰዎች 64 ወይም 65 ያህል ሲድኑ፣ ብዙውን ከወሰዱት 63 ያህል ዳኑ፤ ከባድ የደም መፍሰስ ደግሞ በብዙው መጠን በረከተ።

ክቡራን ሆይ፤ ይህን ውጤት በጥሞና ልንመለከተው ይገባል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በሽታውም አንድ ነው፤ ጊዜው ብቻ ተለየ። ሐኪሞች ነገሩን ሲያስረዱ፣ በሽታው ከጸና በኋላ የደቃቆቹ ሥሮች ጉዳት ከልክ ያለፈ ስለ ሆነ ሄፓሪን ብቻውን ሊመልሰው የሚችል አይመስልም ይላሉ። የእኛ ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያለው ለዚህም ይስማማል። «ማር ሲበዛ ይመራል» የሚለውም እንዲሁ።

ስለ አስፕሪንም የተገኘው ትምህርት ከዚህ ያነሰ አይደለም። አስፕሪን ፕላትሌቶች እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ስለ ሆነ በኮቪድ ይጠቅማል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተደርጎበት ነበር። በእንግሊዝ አገር በተመራውና ሪከቨሪ በተባለው ታላቅ ፈተና ወደ 15,000 የሚጠጉ ሕሙማን ሲታዩ፣ አስፕሪን ከወሰዱትም ካልወሰዱትም ከመቶ 17 ያህሉ በ28 ቀን ውስጥ ሞቱ። ልዩነት አልተገኘም። በዚሁ ፈተና ውስጥ ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ መድኃኒት፣ የተከላካይ ሠራዊታችንን ከልክ ያለፈ ቍጣ በማብረድ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ከነበሩት ሕሙማን የሞቱን ቍጥር በሲሶ ያህል ቀነሰ። ይህም ለእያንዳንዱ ሰው በግምት ሳይሆን በፈተና መሥራት ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን ያስረዳል።

ነገሩ ሲገለበጥ

እስካሁን የተናገርነው ደም ያለ ስፍራው ስለ መርጋቱ ነው። ሌሎች ቫይረሶች ደግሞ ደሙ መርጋት እስኪያቅተው ድረስ ያደርሱታል። ከእነዚህ አንዱ በአገራችን ታሪክ መራራ ትዝታ ያለው ቢጫ ወባ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ ጭምር፣ በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። ቢጫ ወባ የሚያጠቃው ከሁሉ አስቀድሞ ጉበትን ነው። የሚያረጉትን ፕሮቲኖች የሚያዘጋጀው ጉበት መሆኑን አስቀድመን አይተናል፤ ፋብሪካው ሲቃጠል ዕቃው ይጠፋል። ስለዚህ በሽታው የጸናበት ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ከድዱና ከአፍንጫው ደም ይወጣል፤ ጥቁር ያስመልሰዋል።

ኢቦላና ማርበርግ ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጣሉ። ማርበርግ በመጀመሪያ የታወቀው በ1967 ሲሆን፣ በኖቬምበር 2025 በደቡብ ኢትዮጵያ በጂንካ ከተማ መገኘቱ መታወጁ ይታወሳል። በእነዚህ በሽታዎች በቫይረሱ የተያዙት ተከላካይ ሕዋሳት የመርጋትን ሰንሰለት በየስፍራው ይቀሰቅሱታል። በመላው ገላ፣ በደቃቆቹ ሥሮች ውስጥ፣ ቍጥር የሌላቸው ትንንሽ እርጊዎች ይፈጠራሉ። ይህን ለመሥሪያ ቤት ሰው በምሳሌ ማስረዳት ቀላል ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት የዓመት በጀት በሐምሌ ወር በማያስፈልግ ስፍራ ሁሉ ተበትኖ ቢያልቅ፣ በነሐሴ ጣራው ሲያፈስ የሚጠገንበት ገንዘብ አይገኝም። እንዲሁም ፕላትሌቱና ፋይብሪኖጅኑ በከንቱ እርጊ ላይ ካለቀ በኋላ፣ እውነተኛ ቀዳዳ ሲከፈት የሚደፍነው ጠፍቶ ደም ይፈስሳል። አንድ በሽተኛ በአንድ ጊዜ ደሙ ረግቶም ፈስሶም የሚታየው ስለዚህ ነው።

ይህን ለማገድ በ2003 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በኢቦላ በተያዙ 9 ዝንጀሮዎች ላይ ከውሻ የአንጀት ትል የተገኘ መርጋትን የሚከለክል ፕሮቲን ሞክረው 3ቱ ተርፈዋል። ትሉ ደም የሚመጥበት ጥበብ ለሕክምና መዋሉ ያስደንቃል። የበለጠ ፍሬ የተገኘው ግን ሥሩን፣ ማለት ቫይረሱን ራሱን፣ በመምታት ነው። በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ በ2018 በተዠመረ ፈተና፣ ሁለት ፀረ-ኢቦላ መድኃኒቶች ከተሰጧቸው ሕሙማን ከመቶ የሞቱት 35 ያህል ሆኑ፤ ለማነጻጸሪያ የነበረውን መድኃኒት ከወሰዱት ግን 50 ያህል ሞተዋል። ሁለቱም መድኃኒቶች በ2020 በአሜሪካ ፈቃድ አገኙ።

ደሙ መርጋት ላቃተው ሕመምተኛ ሐኪም የሚያደርገው የጐደለውን መተካት ነው። ጉበቱ ለተጐዳ ቪታሚን ኬ ይሰጣል፤ ደም ለሚፈስሰው ፕላዝማና ፕላትሌት ይሰጣል፤ ብዙ ለፈሰሰበት ቀዩን ደም ይጨምርለታል። ይህም በልክ መሆን አለበት። በ2013 በድሬዳዋ የተነሣው የዴንጊ በሽታ ፕላትሌትን እጅግ የሚያሳንስ ነው፤ ነገር ግን በሲንጋፖርና በማሌዢያ 372 ሰዎች የተካፈሉበት ፈተና በ2017 እንዳመለከተው፣ ደም ለማይፈስሰው የዴንጊ በሽተኛ ቍጥሩ ስላነሰ ብቻ ፕላትሌት መስጠት የደም መፍሰስን አልከለከለም።

ለእኛ የሚቀረው

ከዚህ ሁሉ ለቤታችንና ለመሥሪያ ቤታችን የሚሆን ጥቂት ነገር ልሰብስብ።

1ኛ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኵሳት የያዘው ሰው አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን በራሱ ፈቃድ አይውሰድ። በሽታው ዴንጊ ወይም ቢጫ ወባ ቢሆን እነዚህ መድኃኒቶች የደሙን መፍሰስ ያባብሱበታል። ለትኵሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃዋል፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ይሂድ። አስቀድሞ ለልቡ አስፕሪን የታዘዘለት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያቋርጥ።

2ኛ፤ ከጽኑ ሕመም የተነሣ ሰው የአንድ እግሩ ባት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመው፣ ወይም ትንፋሹ በድንገት ካጠረው፣ ሲተነፍስ ደረቱን ከወጋው፣ ደም ከሳለ፣ ወይም የአንድ ወገን እጁና እግሩ ከዛለ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ። ነገ ማለት አይገባም።

3ኛ፤ ትኵሳት ያለበት ሰው ድዱና አፍንጫው ከደማ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቈረ፣ ወይም በቆዳው ላይ በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ፣ ይህም የማይዘገይ ምልክት ነው። አስታማሚውም ደሙን በባዶ እጁ አይንካ።

4ኛ፤ የታመመ ሰው አቅሙ እንደ ፈቀደለት ውሃ ይጠጣ፤ በአልጋው ላይ ሳለም እግሩን ያንቀሳቅስ። ወደ ሥራ ሲመለስ በየሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት ይራመድ። የደም አካሄድ እንዳይዘገይ ይህን ያህል ርካሽ መድኃኒት የለም።

5ኛ፤ ክትባት ያለው በሽታ በክትባት ይቀደም። የቢጫ ወባ ክትባት የተገኘው በ1937 ነው፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል። በሽታው ወደሚገኝበት አውራጃ ለመንግሥት ሥራ የሚላክ ሰው የውሎ አበሉን እንደሚያሰላ ሁሉ ክትባቱንም ያስብ።

6ኛውና የመጨረሻው ቃል ስለ ደም መስጠት ነው። በፋብሪካ የሚሠራ ደም የለም። ከአንድ ጤነኛ ሰው የሚቀዳው 450 ሚሊሊትር ያህል ደም በላቦራቶሪ ተለይቶ ቀይ ደም፣ ፕላዝማና ፕላትሌት ይሆናል፤ ለአንድ ሳይሆን ለብዙ ሕሙማን ይደርሳል። ፕላዝማ በበረዶ ተቀምጦ ብዙ ወራት ይቈያል። ፕላትሌት ግን በተለመደው አያያዝ ከ5 ቀን ያህል በላይ አይቈይም። ስለዚህ ዛሬ ሆስፒታል ገብቶ ድዱ ለሚደማው ልጅ የሚደርስለት ባለፈው ዓመት የሰጠነው ደም ሳይሆን በዚህ ሳምንት የምንሰጠው ነው። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ወደ ደም ባንክ የሚወስደውን መንገድ ብንይዝ፣ የማናውቀው ሰው በእውነት «ደሜ ነው» ሊለን ይችላል።